«ተራዬ ደርሷል» የሚያሰኝ ዕጣና የማያሰኝ ዕጣ

ጎተራ ማለት የእህል ማከማቻ ማለት መሆኑን ለአንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም። ነገር ግን ዛሬ በአዲስ አበባ ታክሲ ውስጥ «ጎተራ ወራጅ አለ» ሲባል ጤፍና ስንዴ ትዝ የሚለው ሰው ያለ አይመስለንም። ትዝ የሚለው ከመስቀል አደባባይ በላንቻ በኩል አድርጎ ወደ ሳሪስ የሚወርደው መንገድ ከወሎ ሠፈር ከሚመጣው መንገድ ጋር የሚተላለፍበት ባለ ድልድይ ማሳለጫ ነው፤ እንደዚሁም በዚያው አካባቢ በመደዳ የቆሙት የጎተራ ኮንዶሚኒየም ፎቆች ናቸው።

እነዚህ ፎቆች በከተማው ውስጥ ቀደም ብለው ከተሠሩት የኮንዶሚኒየም ሠፈሮች መካከል ይቈጠራሉ። ቤቶቹ ለተመዝጋቢዎች የተከፋፈሉትም እንደ ሌሎቹ ሠፈሮች ሁሉ በዕጣ ነው። አንዱ ሰው ባለ ሁለት መኝታ ቤት ደረሰው፤ ከርሱ ጋር ባንድ ቀን፣ ባንድ ሰልፍ ቆሞ የተመዘገበው ጓደኛው ግን ሳይደርሰው ቀርቶ የሰው ቤት ተከራይቶ ይኖራል። አንዳንዱማ የተከራየው ከዚያው ዕጣ ከደረሰው ሰው ነው። ባለ ቤቱ «እግዚአብሔር አየልኝ» ይላል፤ ተከራዩ ደግሞ «ይህን ያህል ዘመን ጠብቄ! አሁንስ ተራዬ ደርሷል» እያለ ይጽናናል።

ይህ «ተራዬ ደርሷል» የሚሉት ቃል እውነት የሚሆንበት ዕጣ አለ፤ ፈጽሞ ሐሰት የሚሆንበትም ዕጣ አለ። ሁለቱን ለይቶ አለማወቅ ብዙ ገንዘብ፣ አንዳንድ ጊዜም ከገንዘብ የከበደ ነገር እንዳስከፈለ ወደ ታች እናያለን። ተማሪዎች በሒሳብ መጽሐፋቸው «ፕሮባቢሊቲ» በተባለው ምዕራፍ ውስጥ ቀይና ጥቁር ኳስ ከከረጢት እያወጡ የሚማሩት ይህንኑ ነው። እኛ ግን ኳሱን ለመምህራን ትተን ዕቁብን እናንሣ፤ ዕቁብ የማያውቅ ጸሐፊ በየትኛው መሥሪያ ቤት ይገኛል?

የዕቁብ ባርኔጣ አይረሳም

ባንድ መሥሪያ ቤት የሚሠሩ አሥራ ሁለት ሰዎች በወር አንድ አንድ ሺህ ብር የሚጥሉበት ዕቁብ ጀመሩ እንበል። በየወሩ አሥራ ሁለት ሺህ ብር ላንዱ ይደርሳል ማለት ነው። ስማቸው በአሥራ ሁለት ብጣሽ ወረቀት ላይ ተጽፎ፣ ተጠቅልሎ፣ ባርኔጣ ውስጥ ይገባል። በመጀመሪያው ወር የያንዳንዱ ሰው ዕድል ከ12 አንድ ነው። ዕጣው የወጣለት ሰው ገንዘቡን ይበላል፤ መዋጮውን እስከ መጨረሻው ይከፍላል እንጂ ስሙ ተመልሶ ወደ ባርኔጣው አይገባም። ስለዚህ በሁለተኛው ወር የሚቀሩት 11 ወረቀቶች ናቸውና ገና ያልወጣለት ሰው ዕድሉ ከ11 አንድ ይሆናል። በሦስተኛው ወር ከ10 አንድ ይሆናል፤ እንዲህ እያለ በአሥራ አንደኛው ወር ከሁለት አንድ ይደርሳል። በአሥራ ሁለተኛው ወር ባርኔጣም አያስፈልግ፤ የቀረው ሰው ማን እንደ ሆነ ሁሉም ያውቀዋል።

እንግዲህ በዚህ ዕጣ ላይ «ይህን ያህል ወር ጠበቅሁ፤ አሁን ተራዬ ቀርቧል» የሚል ሰው እውነቱን ነው። እያንዳንዱ ወር ያለፈው ወር ያደረገውን ይዞ ይመጣል። ያለፈው ዕጣ የሚመጣውን ዕጣ ዕድል የሚለውጥ ሲሆን የሒሳብ ሰዎች ሁለተኛው ነገር የመጀመሪያው «ጥገኛ» ነው ይላሉ።

እዚህ ላይ በዕቁብተኞች መካከል ሁልጊዜ የሚነሣ አንድ ክርክር አለ። አንዳንዱ ሰው ዕጣ ሲነሣ ቀድሞ እጁን ለመክተት ይሽቀዳደማል፤ ሌላው ደግሞ «የኋላ ኋላ ዕድሌ ከፍ ይላል» ብሎ ወደ ኋላ ይላል። ከሁለቱ የቱ ነው ብልኅ? ሒሳቡ አጭር ስለ ሆነ አብረን እንሥራው። ገንዘቡ በሁለተኛው ወር ላይ እንዲደርሰኝ፣ በቅድሚያ በመጀመሪያው ወር ሳይወጣልኝ መቅረት አለበት። የዚህ ዕድል 11/12 ነው። ከዚያ በኋላ ከቀሩት 11 ወረቀቶች የኔው መውጣት አለበት፤ የዚህ ዕድል 1/11 ነው። ሁለቱ ተከታትለው እንዲሆኑ ስንፈልግ ሁለቱን እናባዛለን። 11/12 በ1/11 ሲባዛ ላይና ታች ያሉት 11ዎች ይሰራረዙና 1/12 ይቀራል። በሦስተኛው ወር ላይም እንዲሁ ነው፤ 11/12 በ10/11፣ ያም በ1/10 ቢባዛ ያው 1/12 ነው። እስከ አሥራ ሁለተኛው ወር ቢያሰሉት ውጤቱ አይለወጥም። ስለዚህ ቀድሞ የሚሽቀዳደመውም ወደ ኋላ የሚለውም ከዕድል በኩል ያገኙት ትርፍ የለም።

«ታዲያ የሁለተኛው ወር ዕድል ከ12 አንድ ነው ወይስ ከ11 አንድ?» ብሎ የሚጠይቅ አንባቢ ይኖራል። ጥያቄው ጥሩ ነው፤ ሁለቱም ልክ ናቸው። ዕቁቡ ገና ሳይጀመር ሲጠየቅ ከ12 አንድ ነው፤ የመጀመሪያው ዕጣ ወጥቶ፣ ተነቦ፣ የሌላ ሰው ስም መሆኑ ከታወቀ በኋላ ሲጠየቅ ደግሞ ከ11 አንድ ነው። የመጀመሪያው ወረቀት ወጥቶ ነገር ግን ሳይገለጥ ጠረጴዛ ላይ ቢቀመጥስ? ያን ጊዜ የሁለተኛው ወረቀት ዕድል ገና ከ12 አንድ ነው። ወረቀቱ መውጣቱ ብቻ ዕድሉን አልለወጠውም፤ የሚለውጠው በወረቀቱ ላይ ያለውን ስም ማወቃችን ነው። ብዙ ሰው ግራ የሚጋባው በዚህች ነጥብ ላይ ስለ ሆነ ተማሪዎች ሁለት ጊዜ ቢያነቧት አይጐዱም።

እርግጥ ዕድሉ እኩል ነው ማለት ጥቅሙ እኩል ነው ማለት አይደለም። ገበያው በሚንርበት ዘመን የመጀመሪያው ወር አሥራ ሁለት ሺህ ብርና የመጨረሻው ወር አሥራ ሁለት ሺህ ብር አንድ ዓይነት ገንዘብ አይደሉም። በብዙ ዕቁብ ዘንድ የመጀመሪያው ዕጣ ለዳኛው የሚተውለት፣ ገንዘብ የቸገረውም ሰው የደረሰውን ሰው ዕጣ ጥቂት ጉርሻ ጨምሮ የሚገዛው ይህን ስለሚያውቅ ነው።

ባልና ሚስት በዚሁ ዕቁብ ውስጥ ቢኖሩና የመጀመሪያዎቹ ሁለት ወሮች ለነርሱ ቢወጡ ምን ይባላል? ሐሜቱን ለዕቁብተኞቹ ትተን ብናሰላው፣ በመጀመሪያው ወር ከሁለቱ አንዱ የመውጣት ዕድል 2/12 ነው፤ ከዚያ በኋላ የቀረው የትዳር ጓደኛ የመውጣት ዕድል 1/11 ነው። ሲባዛ 1/66 ይሆናል። ከስድሳ ስድስት እንዲህ ያለ ዕቁብ ባንዱ ላይ ያለ ምንም ተንኰል ይደርሳል ማለት ነውና ዳኛውን ከመክሰስ በፊት ቈጠር ማድረግ ይገባል።

የማያስታውስ ዕጣ

አሁን ደግሞ ወደ ሌላው ዓይነት እንለፍ። አንድ ሳንቲም ወደ ላይ ተወርውሮ አምስት ጊዜ በተከታታይ አንበሳ ቢያሳይ በስድስተኛው ጊዜ አንበሳ የመውጣቱ ዕድል ምን ያህል ነው? ያው ከሁለት አንድ ነው። ሳንቲሙ የሚያስታውስበት አንጐል፣ የተቀነሰበትም ወረቀት የለውም። አራት ሴቶች ልጆች የወለደች እናት «አምስተኛው ግድ ወንድ ነው» ስትባል የሚሰጣት ተስፋም እንዲሁ መሠረት የለውም፤ የአምስተኛው ልጅ ዕድል ከሞላ ጎደል ግማሽ በግማሽ ነው። ባለፈው ሎተሪ የቈረጡት ቲኬት ባዶ መሆኑም የዛሬውን ቲኬት አያሳድገውም፤ በየዙሩ አዲስ ቲኬት፣ አዲስ ዕጣ ነውና። እንዲህ ያሉትን ነገሮች የሒሳብ ሰዎች እርስ በርሳቸው «ነጻ» ናቸው ይሏቸዋል።

ይህን ያልተረዳ ሰው ምን ያህል ሊጐዳ እንደሚችል በኢጣልያ አገር ታይቷል። የኢጣልያኖች ሎቶ ከ1 እስከ 90 ካሉት ቍጥሮች በየከተማው ስም አምስት አምስት የሚወጣበት ጨዋታ ነው። እንግዲህ አንድ የተወሰነ ቍጥር ባንድ ከተማ ዕጣ ላይ የመውጣት ዕድሉ ከ90 አምስት፣ ማለትም ከ18 አንድ ነው። በቬኒስ ከተማ ዕጣ ላይ 53 ቍጥር ሳይወጣ ቀረ። አሥር ዙር፣ ኀምሳ ዙር፣ መቶ ዙር አለፈ፤ አልወጣም። ሕዝቡ «ይህን ያህል የዘገየ ቍጥር አሁን ሳይወጣ አይቀርም» እያለ ገንዘቡን አፈሰሰበት። ያጠራቀመውን የጨረሰ፣ ቤቱን ያስያዘ፣ ተበድሮ የተጫወተ ብዙ ነው። በዚህ በአንዱ ቍጥር ላይ የፈሰሰው ገንዘብ ከሦስት ቢሊዮን ዩሮ በላይ እንደ ነበረ ተጽፏል፤ በኪሳራው ምክንያትም ራሳቸውን ያጠፉ ሰዎች ነበሩ። ቍጥሩ የወጣው ከ182 ዙር በኋላ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር የካቲት 9 ቀን 2005 ነው።

የሚገርመው ግን ይህ ነው። አንድ ቍጥር 182 ዙር ሙሉ ሳይወጣ የመቅረቱ ዕድል ከ33 ሺህ አንድ ያህል ነው፤ እጅግ ብርቅ ነገር መሆኑን ማንም አይክድም። ሕዝቡም የያዘው ይህንኑ ነበር። ነገር ግን በመቶ ሰማንያኛው ዙር ላይ ቆሞ ቀጣዩን ለሚያስብ ሰው ያለፈው ብርቅነት አልፏል፤ ከፊቱ ያለው ዙር ከ18 አንድ ብቻ ነው። ሌላም የሚታይ ነገር አለ። በዚሁ ጨዋታ ውስጥ ባንድ ዙር የሚወጡት አምስቱ ቍጥሮች እርስ በርሳቸው ጥገኛ ናቸው፤ የወጣው ኳስ አይመለስምና። ዙሮቹ ግን ከዙር ወደ ዙር ነጻ ናቸው፤ ማታውን ዘጠናዎቹም ኳሶች ወደ ቦታቸው ይመለሳሉና። ስለዚህ ስለ ማንኛውም ዕጣ አስቀድሞ የሚጠየቀው ጥያቄ «የወጣው ይመለሳል ወይስ አይመለስም?» የሚለው ነው።

ባርኔጣ የሌለው ጥገኝነት

ጥገኝነት ግን በዕጣ ላይ ብቻ የሚገኝ አይደለም። ከሳሪስ በኩል የሚመጡ፣ ባንድ መሥሪያ ቤት የሚሠሩ ሁለት ጸሐፊዎች አሉ እንበል። እያንዳንዳቸው ከአሥር የሥራ ቀን አንዱን ያረፍዳሉ። አለቃቸው ሒሳብ ዐዋቂ ነኝ ባይ ነው። «ከአሥር አንድ በከአሥር አንድ ሲባዛ ከመቶ አንድ ነው፤ በዓመት 250 የሥራ ቀን ቢኖር ሁለቱ ባንድ ቀን የሚያረፍዱት ሁለት ወይም ሦስት ቀን ብቻ መሆን አለበት» ይላል። መዝገቡን ሲያይ ግን ባንድነት ያረፈዱት 15 ቀን ሆኖ ያገኘዋል። ተመካክረዋል ብሎ ማስጠንቀቂያ ሊጽፍ ብዕሩን ያነሣል።

አልተመካከሩም። ሁለቱም የሚያልፉት በጎተራ ማሳለጫ ነው። በሐምሌ ዝናቡ ሲወርድና መኪናው ተደርድሮ ሲቆም አንዱን ያስረፈደው ነገር ሌላውንም ያስረፍደዋል። አንዱ ባረፈደበት ቀን ሌላውም የማርፈዱ ዕድል ከአሥር ስድስት ቢሆን፣ 1/10 በ6/10 ሲባዛ ከመቶ ስድስት ይሆናል፤ ከ250 ቀን 15 ቀን ማለት ነው። ማባዛቱ ትክክል ነው፤ የተሳሳተው የተባዛው ቍጥር ነው። ሁለት ነገሮች በስተጀርባቸው አንድ የጋራ ምክንያት ሲኖራቸው ነጻ እንደ ሆኑ አድርጎ ማባዛት አይቻልም።

ይህ ስሕተት በማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ብቻ ቢያበቃ ደግ ነበር። በእንግሊዝ አገር ሳሊ ክላርክ የምትባል የሕግ ባለሙያ ሁለት ሕፃናት ወንዶች ልጆቿ በተለያየ ጊዜ በድንገት ሞቱባትና ገድላቸዋለች ተብላ ተከሰሰች። ለምስክርነት የቀረቡት የታወቁ የሕፃናት ሐኪም በእንደርሷ ያለ ቤተ ሰብ ውስጥ አንድ ሕፃን በድንገት የሚሞትበት ዕድል ከ8,543 አንድ ነው፤ ሁለት ልጆች የሚሞቱበት ዕድል ደግሞ ይኸው ቍጥር በራሱ ተባዝቶ ከ73 ሚሊዮን አንድ ነው ብለው መሰከሩ። ሴትዮዋ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1999 ዓ.ም. የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደባት። ሁለቱ ልጆች ግን ካንድ እናትና ካንድ አባት የተወለዱ፣ ባንድ ቤት ያደጉ ነበሩ። በደማቸው ያለ ወይም በቤቱ ያለ የጋራ ምክንያት ሊኖር ስለሚችል የሁለተኛው ሞት ከመጀመሪያው ነጻ ነው ለማለት ማስረጃ አልነበረም። የእንግሊዝ የንጉሣዊ የስታቲስቲክስ ማኅበር በ2001 ይህን አጥብቆ ተቃወመ። በይግባኙም ጊዜ ቀድሞ ያልቀረበ የሕክምና ማስረጃ ተገኘና በ2003 ነጻ ወጣች። ከአራት ዓመት በኋላ ሞተች።

የቤቱ ዕጣ ከየትኛው ወገን ነው?

አሁን ወደ ጎተራው ተከራይ ልንመለስ እንችላለን። የርሱ ዕጣ እንደ ዕቁብ ያለ ነው ወይስ እንደ ሎተሪ?

በ1997 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ለኮንዶሚኒየም ቤት ከአራት መቶ ሺህ በላይ ሰዎች ተመዘገቡ። በ2005 ዓ.ም. እንደገና ታላቅ ምዝገባ ተደረገ። ከዚያም በኋላ 20/80 በሚባለው ፕሮግራም ተመዝጋቢው የቤቱን ዋጋ ከመቶ ሃያውን ቈጥቦ ቀሪውን በባንክ ብድር ይከፍላል፤ 40/60 በሚባለው ደግሞ ከመቶ አርባውን ይቈጥባል። ዕጣው በየዙሩ ይወጣ ነበር። ለምሳሌ የካቲት 27 ቀን 2011 ዓ.ም. በወጣው ዕጣ 32,653 የ20/80 ቤቶችና 18,576 የ40/60 ቤቶች፣ በድምሩ 51,229 ቤቶች ደርሰዋል።

ቤት የደረሰው ሰው ከመዝገቡ ይወጣል። እስከዚህ ድረስ ነገሩ ዕቁብ ነው። ነገር ግን ዕቁብ አንዴ ከተጀመረ አዲስ ሰው አይገባበትም፤ ለአሥራ ሁለቱም ሰዎች አሥራ ሁለት ወር ተመድቧል። የቤቱ መዝገብስ? ሁለት ነገር በአሳብ እንፍጠር። በመጀመሪያው መዝገብ 70 ሺህ ሰዎች አሉ፤ በየዙሩ 10 ሺህ ቤት ይወጣል፤ አዲስ ሰው አይጨመርም። የመጀመሪያው ዙር ዕድል ከ7 አንድ፣ ሁለተኛው ከ6 አንድ፣ ሦስተኛው ከ5 አንድ እያለ ሄዶ በሰባተኛው ዙር ያልደረሰው ሰው አይኖርም። በሁለተኛው መዝገብ ውስጥም 70 ሺህ ሰዎች አሉ፤ በየዙሩም 10 ሺህ ቤት ይወጣል፤ ነገር ግን ቤት የደረሳቸው 10 ሺህ ሰዎች ሲወጡ ቍጠባቸውን የሞሉ ሌሎች 10 ሺህ ሰዎች ይገባሉ። የመጀመሪያው ዙር ዕድል ከ7 አንድ ነው፤ አምስተኛውም ከ7 አንድ ነው፤ አሥረኛውም እንዲሁ።

በሁለተኛው መዝገብ ላይ አምስት ዙር ጠብቆ የማይደርሰው ሰው ምን ያህል ነው? 6/7ን አምስት ጊዜ ብናባዛው ከመቶ 46 ያህል ይሆናል። አሥር ዙር ጠብቆም ከመቶ 21ዱ ባዶ እጁን ነው። ከነዚህ ሰዎች አንዱ «ተራዬ ደርሷል» ቢል የሚቀጥለው ዙር ለርሱም፣ ትናንት ለገባውም ሰው ያው ከ7 አንድ ነው። ሁለቱ መዝገቦች ከውጭ ሲያዩአቸው አንድ ይመስላሉ። ሕዝቡ በቴሌቪዥን የሚያየው የዕጣውን መውጣት እንጂ በየዙሩ መካከል ወደ መዝገቡ የሚገባውን ሰው አይደለም።

እውነተኛው ፕሮግራም ከሁለቱም ጥቂት ጥቂት ነበረው። ለነባር ተመዝጋቢዎች ቅድሚያ ሲሰጥ ወደ ዕቁብ ይጠጋል፤ ቍጠባቸውን አሟልተው አዳዲሶች በገቡ ጊዜ ደግሞ ከዕቁብ ይርቃል። ከዚህም በላይ ስቱዲዮ፣ ባለ አንድ፣ ባለ ሁለትና ባለ ሦስት መኝታ የየራሳቸው ባርኔጣ ስላላቸው የአንዱ ዕድል ለሌላው አይሆንም።

ሌላም አለ። ከቤቶቹ ከመቶ 30ው ለሴቶች፣ ከመቶ 20ው ለመንግሥት ሠራተኞች፣ ከመቶ 5ቱ ለአካል ጉዳተኞች ተለይቶ ይያዝ ነበር። ይህ ዕድሉን እንዴት እንደሚለውጠው በትንሽ ቍጥር እንሞክረው፤ ለማቅለል የሴቶቹን ድርሻ ብቻ እንውሰድ። መቶ ተመዝጋቢዎች አሉ፤ 40ዎቹ ሴቶች፣ 60ዎቹ ወንዶች ናቸው፤ ያለው 20 ቤት ነው። አስቀድሞ ከመቶ ሠላሳው፣ ማለትም 6 ቤት፣ በሴቶች መካከል ብቻ ዕጣ ይወጣበታል። ያልደረሳቸው 34 ሴቶች ከ60ዎቹ ወንዶች ጋር ይቀላቀላሉ፤ 94 ሰዎች ለ14 ቤት ማለት ነው። የወንዱ ዕድል 14/94፣ ማለትም ከመቶ 15 ያህል ነው። የሴቷ ግን ሁለት መንገድ አለው። በመጀመሪያው ዕጣ የመድረሱ ዕድል 6/40፣ ማለትም ከመቶ 15 ነው። በዚህ ሳይደርሳት ቀርቶ በሁለተኛው የሚደርሳት ደግሞ 34/40 በ14/94፣ ማለትም ከመቶ 12.7 ያህል ነው። ሁለቱ መንገዶች ባንድ ጊዜ ሊሆኑ ስለማይችሉ እዚህ ላይ የምናደርገው መደመር ነው፤ ከመቶ 27.7 ይሆናል። እንግዲህ «ከመቶ ሠላሳው የሴቶች ነው» ሲባል የሰሙ ወንዶች «የቀረው የኛ ነው» ብለው ቢያስቡ ተሳስተዋል፤ በቀረውም ውስጥ ሴቶች አብረው ይወዳደራሉና። ይህ ምሳሌ ያለ ሌሎቹ ድርሻዎች የተሠራ ነው፤ ሴትም የመንግሥት ሠራተኛም የሆነች ጸሐፊ ብትኖር ሒሳቡን በትርፍ ጊዜዋ ልትቀጥለው ትችላለች።

በባርኔጣው ውስጥ ያለው ምንድን ነው?

እስካሁን ያሰላነው ሁሉ ዕጣው በደንብ እንደ ተቀላቀለና መግባት የሚገባው ብቻ እንደ ገባ በማመን ነው። ሁለቱም ሲጐድሉ ታይቷል።

የአሜሪካ መንግሥት በቬትናም ጦርነት ጊዜ ወጣቶችን ለውትድርና የጠራው በልደት ቀን ዕጣ ነበር። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ታኅሣሥ 1 ቀን 1969 የዓመቱ 366 ቀኖች በ366 ትንንሽ የፕላስቲክ ዕንቍላሎች ውስጥ ተከተው ከመስተዋት ጋን ውስጥ ወጡ። ቀኑ ቀድሞ የወጣበት ልጅ ቀድሞ ይዘምታል። ነገር ግን ዕንቍላሎቹ የተዘጋጁት ከጥር ጀምሮ ወር በወር ነበርና በሚገባ ሳይቀላቀሉ ቀርተው የመጨረሻዎቹ ወሮች ከላይ በዝተው ቀሩ። የተጠሩት እስከ 195ኛው ቍጥር ድረስ የወጣላቸው ሲሆኑ ከታኅሣሥ 31 ቀኖች 26ቱ በዚህ ውስጥ ገቡ። እኩል ዕድል ቢኖር ኖሮ ከ31 ቀን 16 ወይም 17 ያህል ይጠበቅ ነበር። በተከታዩ ዓመት አሠራሩ ተለወጠ፤ ቀኖቹ ባንድ ከበሮ፣ ተራ ቍጥሮቹ በሌላ ከበሮ ሆነው ይወጡ ጀመር።

የአዲስ አበባው የቤት ዕጣ የሚወጣው በኮምፒዩተር ስለ ነበር የመቀላቀል ችግር የለበትም ተብሎ ይታመን ነበር። ችግሩ በሌላ በኩል መጣ። ሐምሌ 1 ቀን 2014 ዓ.ም. የ25,491 ቤቶች ዕጣ ወጣ። ስም የወጣላቸው ሰዎች እልል አሉ፤ ዘመድ ጠርተው የመረቁም ነበሩ። ወዲያውም የከተማው አስተዳደር በመረጃው ላይ ማጭበርበር ስለ ተገኘበት ዕጣውን ሰረዘው። አስተዳደሩ በዚያን ጊዜ እንዳስታወቀው ቍጠባቸውን አሟልተው ለዕጣው ብቁ የሆኑት 79 ሺህ ያህል ሰዎች ሲሆኑ ወደ ኮምፒዩተሩ የገባው ግን 172 ሺህ ያህል ሰው ነበር።

ይህ ለቈጣቢው ምን ማለት እንደ ሆነ በጥቅል ቍጥር እንመልከተው። የቤት ዓይነቱንና የተለየውን ድርሻ ለጊዜው እንተወውና 25,491ን ለ79 ሺህ ብናካፍል ከመቶ 32፣ ማለትም ከሦስት አንድ ገደማ ይመጣል። ለ172 ሺህ ሲካፈል ግን ከመቶ 15፣ ማለትም ከሰባት አንድ ገደማ ነው። ከደመወዙ እየቀነሰ በየወሩ ባንክ የከተተው ሰው ከነበረው ዕድል ከግማሽ የሚበልጠው ከዕጣው በፊት ተወስዶበት ነበር። ኮምፒዩተሩ ያወጣቸው ስሞች የቱንም ያህል በሐቅ ቢቀላቀሉ ይህን አያስተካክለውም፤ ከስም ዝርዝሩም ላይ በዓይን አይታይም። ቢቈጠር እንጂ።

ዕጣው በኅዳር ወር 2015 ዓ.ም. እንደገና ወጣ። የሐምሌው ወረቀት ሁሉ ስለ ተሰረዘ ይህ ዕጣ ከመጀመሪያው ነጻ ነበር። በሐምሌ ስሙ በሐቅ የወጣለት ቈጣቢ በኅዳር ሁለተኛ ጊዜ የመውጣት ዕድሉ በዚሁ በጥቅል ሒሳብ ከሦስት አንድ ገደማ ነው። እንዲህ ካሉት ሰዎች ከሦስቱ ሁለቱ ያህል፣ አንድ ጊዜ ቤት ደርሷችኋል ተብለው ከተመረቁ በኋላ፣ በኅዳሩ ዝርዝር ላይ ስማቸውን ፈልገው ያጡ ይሆናሉ። በሐምሌ ያልወጣለትም ቈጣቢ የኅዳር ዕድሉ ከነርሱ አላነሰም፤ አልበለጠም።